ኢሞ፦ አብሮ ከማዘን ለብቻ እስከ ማዘን

እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 19 ቀን 1985 የአሜሪካ ሴኔት የንግድ ኮሚቴ በዋሽንግተን ስለ ዘፈን ሊነጋገር ተቀመጠ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ጉዳዩን ለአደባባይ ያበቁት የሴናተር አል ጎር ባለቤት ቲፐር ጎርና ሌሎች የባለሥልጣናት ሚስቶች ያቋቋሙት የወላጆች ማኅበር ነው። ክሳቸው የሮክ ዘፈኖች ልጆችን ለብልግና፣ ለዓመፅና ራስን ለማጥፋት ይገፋፋሉ የሚል ነበር። ሙዚቀኞቹ ፍራንክ ዛፓና ጆን ዴንቨር ቀርበው ተከራከሩ፤ የክርክሩ ውጤትም በአልበሞች ልባስ ላይ የሚለጠፈው የወላጆች ማስጠንቀቂያ ሆነ። በዚያው ዓመት፣ በዚያው ከተማ፣ ከምክር ቤቱ ብዙም በማይርቁ ትንንሽ አዳራሾች ውስጥ ደግሞ ጥቂት ወጣቶች ኋላ ኢሞ የተባለውን ሙዚቃ እየጀመሩ ነበር። ሴናተሮቹ ስለ እነርሱ አልሰሙም፤ ወጣቶቹም ለሴናተሮቹ ግድ አልነበራቸውም። ሁለቱም ወገኖች ግን አንድ ጥያቄ ይዘው ነበር፤ ዘፈን በታዳጊ ልጅ ስሜት ላይ ምን ይሠራል? ጥያቄው ዛሬም አልተዘጋም፤ ብዙ ጊዜም በተሳሳተ በር ይገባበታል ብዬ አምናለሁ። በ40 ዓመት ውስጥ ከኢሞ ጊታርና አለባበስ ይልቅ እጅግ የተለወጠው የሚሰማበት ሁኔታ ነው። በታዳጊዎች ላይ ያሳደረውን ተጽዕኖ ለመመዘንም የዘፈኑን የኀዘን መጠን ከመለካት በፊት መጠየቅ ያለበት አድማጩ ሲያዝን ከማን ጋር ነበር፣ ካዘነ በኋላስ ምን ያደርግ ነበር የሚለው ነው።

የዋሽንግተን ሃርድኮር ፓንክ በ1980ዎቹ መጀመሪያ ፈጣንና ቁጡ ሙዚቃ ነበር። ኢያን ማኬይ ከጓደኛው ከጄፍ ኔልሰን ጋር በ1980 ያቋቋመው ዲስኮርድ የተባለ አሳታሚ የዚህ ሙዚቃ ማዕከል ሆነ፤ የማኬይ ባንድ ማይነር ትሬት በ1983 ሲበተን ግን ኮንሰርቶቹ የድብድብ ሜዳ መስለው ነበር። ለመማታት ብለው የሚመጡ ጎረምሶች በዙ፤ ሴቶችና ለጋ ልጆች ከመድረኩ ፊት እየተገፉ ወጡ። ጋይ ፒቾቶ የሚዘፍንበት ራይትስ ኦፍ ስፕሪንግ የተባለው ባንድ በ1984 የተነሣው ከዚህ ምሬት ነው። ፍጥነቱንና ጩኸቱን አልተዉትም፤ የሚጮሁበትን ጉዳይ ግን ለወጡት። ስለ ጠፋ ጊዜ፣ ስለ ተበላሸ ወዳጅነት፣ ስለ ጸጸት መዝፈን ጀመሩ፤ መድረክ ላይ አበባ ይበትኑ ነበር፤ ታዳሚው ያለቅስ እንደነበርም በቦታው የነበሩ ሰዎች ደጋግመው ተናግረዋል። ማኬይ ራሱ በ1985 አልበማቸውን ሲያስቀርጹ ረድቷቸዋል፤ በዚያው ዓመት ኤምብሬስ የተባለውን ባንድ መሠረተ። ለዚህ ሙዚቃ ኢሞኮር የሚለው ስም ሲወጣለት ሁሉም ጠሉት፤ ማኬይም መድረክ ላይ ቆሞ አጣጥሎታል። ያን ወቅት ያነሣሣው አጋጣሚም ልብ ሊባል ይገባዋል። ኤሚ ፒከሪንግ የተባለች ወጣት ከባልደረቦቿ ጋር ሆና፣ ለተበታተኑት ጓደኞቿ ያ የበጋ ወራት የአብዮት በጋ መሆኑን የሚያስታውሱ ስም የለሽ ወረቀቶች በፖስታ ላከች። ተቀባዮቹ ማን እንደጻፈላቸው ሳያውቁ እንደገና ተሰባሰቡ። በዚያው በጋም በደቡብ አፍሪካ ኤምባሲ ፊት ለፊት ከበሮና ባልዲ እየደበደቡ አፓርታይድን ተቃወሙ።

ይህን ታሪክ የምዘረዝረው ኢሞ ከጥንስሱ የብቸኝነት ሙዚቃ ነው የሚለው አስተሳሰብ ስለማይዋጥልኝ ነው። አዳራሹ ውስጥ ዘፋኙና አድማጩ በስም ይተዋወቃሉ፤ ያለቀሰው ልጅ በማግስቱ ከአጠገቡ ካለቀሰው ልጅ ጋር ከበሮ ይዞ ኤምባሲ በር ላይ ይቆማል። ኀዘኑ እንደ ሥራ መጀመሪያ እንጂ እንደ ማረፊያ አልተቆጠረም። ራይትስ ኦፍ ስፕሪንግ ዕድሜው አጭር ሆኖ በ1986 ተበተነ፤ ፒቾቶና ማኬይ ግን በ1987 በተመሠረተው ፉጋዚ ውስጥ ተገናኙ። ፉጋዚ የኮንሰርት መግቢያውን ወደ 5 ዶላር ገደማ አድርጎ ያቆየ፣ ሰው ሲደበደብ ዘፈኑን አቁሞ የደብዳቢውን ገንዘብ መልሶ የሚያስወጣ ባንድ ነበር። የስሜት ሙዚቃ የአዳራሹን ሥነ ሥርዓት የመጠበቅ ኃላፊነት እንዳለበት ከዚያ በፊት እንዲህ በግልጽ ያሳየ አላውቅም።

በ1990ዎቹ ሙዚቃው ከዋሽንግተን ወጥቶ ተበተነ። በሲያትል ሰኒ ዴይ ሪል ኢስቴት በ1994 ዳየሪ የተባለውን አልበም አወጣ። ከዚያ በላይ ግን የዘውጉን መልክ የቀረጹት የመካከለኛው ምዕራብ የከተማ ዳር ሰፈሮች ናቸው። በቺካጎ አካባቢ ቲምና ማይክ ኪንሴላ የተባሉ ወንድማማቾች ገና ልጆች ሳሉ ካፕን ጃዝን ጀመሩ፤ ማይክ በኋላ በኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለ አሜሪካን ፉትቦል የተባለውን ባንድ ከሁለት ጓደኞቹ ጋር መሠረተ። በ1999 አንድ አልበም አውጥተው ትምህርታቸው ሲያልቅ ተበተኑ። አልበሙ ሲወጣ የሰማው ሰው ጥቂት ነበር። በልባሱ ላይ ያለው በኧርባና ከተማ የሚገኝ ተራ የእንጨት ቤት ግን ቀስ በቀስ የአድናቂዎች መሳለሚያ ሆነ፤ በ2023 የባንዱ አባላትና አሳታሚው ከሌሎች ወዳጆች ጋር እንዳይፈርስ ብለው ገዙት። ኮንሰርቶቹ የሚካሄዱት በመኖሪያ ቤት ምድር ቤቶችና በቤተ ክርስቲያን አዳራሾች ነበር፤ ልጆች በእጅ የተባዙ መጽሔቶችና ደብዳቤ ይለዋወጡ ነበር። ይሁን እንጂ አንድ ነገር ጎደለ። የኤምባሲው በር ጠፋ። ግጥሙ ወደ ፍቅር፣ ወደ ትምህርት ቤት መጨረሻ፣ ወደ ጥሎ መሄድ ጠበበ። ጊታሩ ረቀቀ፣ ዜማው ሰከነ፤ የማኅበሩ ዓላማ ግን ራሱ ስሜቱ ሆነ።

ከዚያ ገበያው መጣ። ጂሚ ኢት ወርልድ ከአሪዞና፣ ትልቁ አሳታሚ ካሰናበታቸው በኋላ በራሳቸው ወጪ የቀረጹት አልበም በ2001 ወጣ፤ ከውስጡ አንዱ ዘፈን በ2002 በቢልቦርድ ሰንጠረዥ 5ኛ ደረጃ ደረሰ። ራሱን ከሌሎች በታች የሚያይ ታዳጊን የሚያጽናና ዘፈን ነው፤ እንዲያ መሰማቱም አይገርምም። በዚያው 2002 ከፍሎሪዳ የመጣው ክሪስ ካራባ ዳሽቦርድ ኮንፌሽናል በሚል ስም በኤምቲቪ ያለ ኤሌክትሪክ መሣሪያ ሲጫወት፣ ታዳሚው ከእርሱ ድምፅ በላይ ግጥሙን ከዳር እስከ ዳር ይዘፍን ነበር። ቀጥሎ ከኒው ጀርሲ ማይ ኬሚካል ሮማንስ መጣ። ጄራርድ ዌይ ሴፕቴምበር 11 ቀን 2001 የኒው ዮርክ ሕንፃዎች ሲወድቁ በዓይኑ አይቶ፣ ሕይወቱን ለመለወጥ ወስኖ የመሠረተው ባንድ ነው። በ2006 የወጣው ዘ ብላክ ፓሬድ የተባለው አልበም በሞት አልጋ ላይ ያለ ሰው ሕይወቱን የሚያይበት የቲያትር ያህል ሰፊ ሥራ ነው። ኩል የተቀባ ዓይን፣ ግንባርን የሸፈነ ጥቁር ፀጉር፣ ጠባብ ሱሪ መለያ ሆኑ፤ በገበያ አዳራሾችም ይሸጡ ጀመር። ማይስፔስና ላይቭጆርናል የተባሉት ድረ ገጾች ደግሞ ምድር ቤቱን ተኩ፤ ልጁ ከዘፋኙ ጋር ባይተዋወቅም በሌላ ከተማ ያለን እንደ እርሱ የሚሰማውን ልጅ ማግኘት ይችል ነበር። ንግዱ ዘውጉን አራከሰው የሚሉ የቀድሞ አፍቃሪዎች አሉ፤ በከፊል እውነት አላቸው። ነገር ግን በ1985 ያ አዳራሽ የሚያስገባው በመቶ የሚቆጠር ሰው ነበር፤ ከዋሽንግተን ውጭ ላለ ለሚያዝን ልጅ በሩ ዝግ ነበር። ገበያው ዋጋ ተምኖ ቢሆንም በሩን ከፈተው።

የበሩ መከፈት ግን ለሁሉም እኩል አልነበረም። ጸሐፊዋ ጄሲካ ሆፐር በ2003 ፓንክ ፕላኔት በተባለው መጽሔት ላይ ባወጣችው ጽሑፍ፣ በኢሞ ዘፈኖች ውስጥ ሴት ልጅ ስምም ሕይወትም የላትም፣ ያለችው ለወንዱ ኀዘን ምክንያት እንድትሆን ብቻ ነው ብላ ሞገተች። ይህ ክስ ይበልጥ የሚያሳስበኝ ነው፤ ምክንያቱም የዘውጉን ትልቅ ሥራ ይነካል። ኢሞ ለወንድ ልጅ በሰው ፊት የማልቀስ ፈቃድ ሰጠ። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ፈቃዱ ግን ብዙ ጊዜ የተገዛው ሴቲቱን ጥፋተኛ በማድረግ ነበር፤ መድረኩ ፊት ሆነው ግጥሙን የሚዘፍኑት ብዙዎቹ ሴቶች ሆነው ሳለ የሚዘፍኑት ስለ ራሳቸው ጥፋት ነበር። ፓራሞር የተባለው ባንድ ዘፋኝ ሄይሊ ዊልያምስ በወጣትነቷ የጻፈችውንና ሌላዋን ሴት የምታዋርድበትን ታዋቂ ዘፈን በ2018 ለረጅም ጊዜ እንደማይዘፍኑት ተናግራ፣ በ2022 እንደገና ወደ መድረክ መልሳዋለች። መተዉም መመለሱም አንድ ነገር ያሳያል፤ ስሜትን አውጥቶ መናገር ብቻውን ቅንነት አይደለም፤ የታዳጊ ቁጣ ወዴት መዞር እንዳለበት ዘፈኑ ያስተምራል፣ ሊያሳስትም ይችላል።

የሕዝብ ፍርሃት ግን በዚህ በኩል አልመጣም። በእንግሊዝ በ2008 የአንዲት የ13 ዓመት ልጅ አሳዛኝ ሞት ከኢሞ ጋር ተያይዞ ሲዘገብ፣ ዴይሊ ሜይል ዘውጉን ሞትን የሚያወድስ ቡድን አድርጎ አቀረበው። ማይ ኬሚካል ሮማንስ ኀዘኑን ገልጾ፣ የተጨነቁ አድማጮቹ ለሰው እንዲናገሩና እርዳታ እንዲፈልጉ መከረ፤ በሜይ መጨረሻም አድናቂዎች በለንደን በጋዜጣው ቢሮ ደጃፍ ሰልፍ ወጡ። በዚያው ዓመት ማርች ወር በሜክሲኮ ኬሬታሮ ከተማ በመቶ የሚቆጠሩ ወጣቶች ተሰባስበው አደባባይ የተቀመጡ ኢሞዎችን አሳድደው ደበደቡ፤ ጥቃቱ ወደ ዋና ከተማዋም ተዛመተ። በኢራቅ የደረሰው ከሁሉም የከፋ ነው። በ2012 መጀመሪያ የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስቴር ኢሞን የሰይጣን አምልኮ ብሎ የሚያወግዝ መግለጫ ካወጣ በኋላ፣ በባግዳድ ፀጉራቸውና ጠባብ ልብሳቸው የተለየ ወጣቶች ተገደሉ፤ የሰብዓዊ መብት ድርጅቶችም መንግሥት ግድያውን እንዲመረምር አጥብቀው ጠየቁ። እነዚህ ሦስት አገሮች በባህል ይለያያሉ። በሜክሲኮና በኢራቅ የተመታው ግን አንድ ዓይነት ልጅ ነው፤ ኩል የተቀባ፣ ለስለስ ያለ፣ እንደ ወንድ አልጠነከረም የተባለ ወንድ ልጅ። የኬሬታሮም የባግዳድም ገዳዮችና ደብዳቢዎች የልጆቹ ኀዘን አላስጨነቃቸውም፤ ያስቆጣቸው ወንድ ልጅ ኀዘኑን በመልኩ ላይ ይዞ አደባባይ መውጣቱ ነው።

ይህ ማለት ግን የወላጆች ሥጋት ባዶ ነው ማለት አይደለም። በጣም ጠንካራው ተቃውሞ ከጥናት የመጣ ነው። በጀርመን 452 ተማሪዎች ላይ ተደርጎ በ2014 የታተመ ጥናት ራሳቸውን ከጎት፣ ከኢሞ ወይም ከፓንክ ወገን የሚቆጥሩ ታዳጊዎች ከሌሎቹ ከ3 እስከ 4 እጥፍ ራሳቸውን የመጉዳት ዕድል እንዳላቸው አሳይቷል፤ ራስን ለማጥፋት የመሞከሩም ልዩነት ከዚያ ይበልጣል። ቁጥሩን አቃልሎ ማለፍ ሐቀኝነት አይደለም። አጥኚዎቹ ምክንያቱን ሲጠይቁ ግን ግማሽ ያህሉ የሰጡት መልስ የማይቻል ስሜትን ለማብረድና ጭንቀታቸውን ለሰው ለማሳወቅ የሚል ነበር፤ ከቡድኑ አንድ ለመሆን ብለው ያደረጉት ጥቂቶች ናቸው። ፌሊሲቲ ቤከርና ዊልያም ቦር የተባሉ የአውስትራሊያ ተመራማሪዎችም በ2008 የቀደሙ ጥናቶችን መርምረው የሙዚቃ ምርጫ የሕመሙ ምክንያት ለመሆኑ ማስረጃ እንደሌለ፣ ይልቁንም የተጎዳ ልጅን ለመለየት ምልክት ሊሆን እንደሚችል ጽፈዋል። የተከፋ ልጅ መከፋቱን የሚናገርለትን ዘፈን ይፈልጋል። ይህ ለአማርኛ አንባቢ እንግዳ አይደለም፤ ለቅሶ ቤት የምትቀመጠው አልቃሽ ሙሾ ስታወጣ ኀዘኑን አላመጣችውም፤ በየሰዉ ሆድ ያለውን አውጥታ የሁሉም አደረገችው። ታሩፊና ኮልሽ የተባሉ ተመራማሪዎች 772 ሰዎችን ጠይቀው በ2014 ባሳተሙት ጥናትም አሳዛኝ ሙዚቃ ከኀዘን ይልቅ ብዙ ጊዜ የሚቀሰቅሰው ናፍቆትን እንደሆነ፣ መጽናናትም ከጥቅሞቹ አንዱ እንደሆነ አግኝተዋል።

ሆኖም የለቅሶው ነገር አንድ ሌላ ጎን አለው። ለቅሶ ቀን አለው፤ ያልቃል፤ ሰዉ ተነሥቶ ወደ ሥራው ይሄዳል። የኢሞ ተከራካሪዎች አብሮ ማዘን ሁልጊዜ ያድናል ሲሉ ይህን ይረሱታል። ሳንድራ ጋሪዶና ባልደረቦቿ በ2017 ባወጡት ጥናት፣ ለድባቴ የተጋለጡ ሰዎች፣ በተለይ ወጣቶች፣ በቡድን ሆነው አሳዛኝ ሙዚቃ እየሰሙ ስለ ኀዘናቸው ብቻ ሲያወሩ ነገሩን አብረው ያብሰለስሉታል፤ ሲለያዩም አንዳንዶቹ ብሰው እንጂ ተሽሏቸው አይለያዩም። ይህ እኔ የያዝኩትን ሐሳብ የሚፈትን ግኝት ነው፤ ማኅበር መኖሩ ብቻ በቂ ቢሆን ኖሮ እንዲህ ባልሆነ። ስለዚህ ሐሳቤን ላጥብበው። የሚያድነው ከኀዘኑ ሌላ የሚሠራው ነገር ያለው ማኅበር ነው። የ1985ቱ ልጆች ኤምባሲ ነበራቸው፤ የ1990ዎቹ ልጆች ዓላማ ባይኖራቸውም ባንድ ይመሠርቱ፣ መጽሔት ያባዙ፣ ለሌላ ከተማ ባንድ የሚያድርበት ወለል ያዘጋጁ ነበር። ከመድረኩ ፊት ያለው ልጅ በሚቀጥለው ወር መድረኩ ላይ ሊሆን ይችል ነበር። የኀዘኑ ዘፈን እጁን ሥራ ያስይዘው ነበር። ገበያው ሲመጣ ልጁ ሸሚዝ ገዢ ሆነ፤ ያም ቢሆን ኮንሰርት መሄድ፣ መጮህ፣ ከማያውቀው ሰው ጋር መዝፈን አልቀረበትም።

በ2010ዎቹ አጋማሽ ይህም ሳሳ። ሊል ፒፕ የተባለው ወጣት በ2016 ሄልቦይ በሚል ስም ባወጣው ሥራ የቀድሞ ኢሞ ባንዶችን የጊታር ቁርጥራጮች ከራፕ ምት ጋር አዋሕዶ ሳውንድክላውድ በተባለው የሙዚቃ ድረ ገጽ ለቀቀ። ብልህ ሥራ ነው፤ የነጮች ከተማ ዳር ሙዚቃ ተብሎ የታጠረውን ዘውግ ለራፕ አድማጮች ከፈተው። ራፐሩ ጁስ ወርልድ በ2018 ባወጣው ዘፈን ስለ ተሰበረ ልቡ ሲዘፍን ዓለም ሰማው። ሁለቱም ስለ መድኃኒት ሱስ በግልጽ ዘፈኑ፣ ሁለቱም በ21 ዓመታቸው ከመጠን ባለፈ መድኃኒት ሞቱ፤ ፒፕ በ2017፣ ጁስ ወርልድ በ2019። እዚህ ላይ የ1985ቱ ወላጆች ትክክል ነበሩ የሚል ሊኖር ይችላል። እኔ ግን የምጠይቀው ሌላ ነው። ፒፕ መጥፎ ሁኔታ ላይ መሆኑን በስልኩ ለሚከታተሉት በሺዎች ለሚቆጠሩ ሰዎች በይፋ ይናገር ነበር። በዋሽንግተኑ አዳራሽ እንዲህ የሚል ዘፋኝ ከመድረክ ሲወርድ የሚይዘው ሰው ደጃፉ ላይ ይቆማል። በስልክ የሚሰማው ሰው የልብ ምልክት ተጭኖ ወደ ቀጣዩ ዘፈን ያልፋል፤ አልጎሪዝሙም ትናንት ያዘነበትን ዓይነት ዘፈን ዛሬም፣ ነገም ያቀርብለታል። ጆሮ ማዳመጫ የሰካ ልጅ በሌሊት ለብቻው የሚሰማው ይህ ዝርዝር መጨረሻ የለውም፤ ዘፈኑ ሲያልቅ መብራት አይበራም፣ ሰው ወደ ቤቱ አይሄድም። ማብሰልሰልን ለማርዘም ከዚህ የተሻለ ዘዴ ማሰብ ይከብደኛል፤ ጥፋቱንም በዘፋኙ ላይ መጫን ፍትሕ አይመስለኝም።

ኢሞ ዛሬ ሁለት ሕይወት አለው። አንዱ በ2022 በላስ ቬጋስ በተጀመረው የትዝታ ፌስቲቫልና ማይ ኬሚካል ሮማንስ በ2025 ዘ ብላክ ፓሬድን ከዳር እስከ ዳር በስታዲየሞች በተጫወተበት ጉዞ ላይ የሚታየው ነው፤ እዚያ የሚጮኸው ሰው ብዙው የልጆች ወላጅ ሆኗል፤ ማኅበሩ ግን አለ፣ ይገናኛል፣ ይዘፍናል። ሌላው በዘመኑ ፖፕ ውስጥ የሟሟው ነው፤ ኦሊቪያ ሮድሪጎ በ2021 ያወጣችው ዘፈን ከፓራሞሩ ዘፈን ጋር በመመሳሰሉ ዊልያምስና ዘፈኑን አብሯት የጻፈው ጆሽ ፋሮ በደራሲነት ተመዝግበዋል። የአሁኖቹ ታዳጊዎች ከዚህ የወረሱት ነገር አለ፤ ድባቴን፣ ጭንቀትን፣ መተውን በስማቸው ለመጥራት ከወላጆቻቸው ይልቅ ይቀላቸዋል፤ ወንዱም ልጅ ሆድ እንደባሰው ለመናገር ያን ያህል አያፍርም። ያልወረሱት አዳራሹን ነው። በአሜሪካ ከተሞች 18 ዓመት ያልሞላቸውን የሚያስገባ፣ መጠጥ የማይሸጥ፣ መግቢያው ለተማሪ ኪስ የሚሆን የሙዚቃ ቤት ማቆየት ቀድሞም ከባድ ነበር፤ የዋሽንግተን ወጣቶች በየቤተ ክርስቲያኑ ምድር ቤትና በየሰፈሩ መሰብሰቢያ የተጫወቱት ለዚህ ነው። ስለ ታዳጊዎች ስሜት የሚጨነቅ የከተማ ምክር ቤት ወይም ቤተ ክርስቲያን ዛሬም ማድረግ የሚችለው ይኸው ነው፦ ቁልፉን ለልጆቹ መስጠት፣ የድምፅ መሣሪያ ማከራየት፣ በር ላይ የሚቆም አንድ የሚታመን ትልቅ ሰው ማቆም።